የልቦለዴ ባለታሪክ ባሏን ጥላ ለምን አትሄድም? (ጆሃንስበርግ፣ 1890ዎቹ)

የጽጌ ልጅ (ክሩን የከፈተች)

ሰላም ለመድረኩ ቤተሰቦች። ልቦለድ እየጻፍኩ ነው፤ እርዳታችሁን እፈልጋለሁ። ቦታው ጆሃንስበርግ፣ ዘመኑ ከ1893 እስከ 1899 ነው። ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር እጽፋለሁ፤ እናንተም እንዲሁ ብታደርጉ አንደናገርም። ወርቁ ከተገኘ ገና 7 ዓመቱ ነው። ከተማው ከድንኳን ወደ ቆርቆሮ፣ ከቆርቆሮ ወደ ሸክላ ጡብ እየተሻገረ ነው።

ባለታሪኬ ሊትዌኒያ በሩሲያ ንጉሠ ነገሥት ሥር በነበረችበት ዘመን በኮቭኖ ግዛት የተወለደች የአይሁድ ልጅ ናት። ዕድሜዋ 19 ነው። አባቷ ከልጁ ጋር የሚሰጠው ገንዘብ ስላልነበረው በአገሯ የሚያገባት አልተገኘም። የጋብቻ ደላላው ግን ደቡብ አፍሪካ የሚኖር፣ ገንዘብ የማይጠይቅ፣ እንዲያውም የመርከቡን ዋጋ የሚልክ ሰው አለ አለ። አንድ ፎቶግራፍ መጣ። በደብዳቤው ነጋዴ ነኝ ይላል። ስትደርስ ያገኘችው በማዕድኑ አጥር ሥር ለጥቁር ሠራተኞች ምግብ በሚሸጥ ቤት ውስጥ ከንጋት እስከ ሌሊት ሥጋ የሚቆርጥና ድስት የሚያጥብ ተቀጣሪ ነው። አይመታትም። አይሰክርም። አያናግራትምም።

የመጀመሪያዎቹን ምዕራፎች ያነበቡልኝ ሁሉ አንድ ጥያቄ ይዘው ተመለሱ፦ ለምን ጥላው አትሄድም? አንዷማ «ደካማ ናት፤ አልወደድኳትም» ብላ ዘጋችው። እኔ ደካማ አድርጌ አልጻፍኳትም። ስለዚህ የምጠይቃችሁ ይህንን ነው። በዚያ ዘመን፣ በዚያ ከተማ፣ አንዲት ሴት ብትሄድ ወዴት ትሄዳለች? በምን ገንዘብ? ሕጉስ ምን ይላታል? ስለ ወርቁ ሥራ የምታውቁ ካላችሁም ከተማው ምን ይሸት፣ ምን ይሰማ እንደነበር ንገሩኝ።

ጭላሎ

እኅቴ፣ ወደ ጥያቄሽ ከመግባቴ በፊት አንድ ቅሬታ አለኝ። ልቦለድ ጸሐፊዎች ሁሉ ቤተሰብ ያጋባው ትዳር ሲያገኙ ወዲያው ፍቅር የሌለበት ያደርጉታል። አባቴ እናቴን ያያት በሠርጉ ቀን ነው። ሽማግሌ ተልኮ፣ ዘር ተቆጥሮ፣ ጥሎሽ ተቆርጦ፣ አለቀ። እናቴ ያረፈች ጊዜ አባቴ እህል አልቀምስም ብሎ ዘመድ ተሰብስቦ በግድ ነው ያጎረሰው። እርስ በርሳቸው «እወድሃለሁ»፣ «እወድሻለሁ» ሲባባሉ ግን አንድ ቀን አልሰማሁም።

ሰውየው አያናግራትም ካልሽ ጥፋቱን ደላላው ላይ አትጫኚው። ከንጋት እስከ ሌሊት ሥጋ ሲቆርጥ የዋለ ሰው ማታ ምን ተርፎት ያወራል?

ጉድጓድ ወራጅ

ከአዶላ ወገን ወርቅ ማውጣት ላይ የሠራሁ ሰው ነኝ፤ ጡረታ ወጥቻለሁ። ስለ ሥራው እኔ ልናገር።

በመጀመሪያ፣ የጆሃንስበርግ ወርቅ ወንዝ ዳር በገበቴ ታጥቦ የሚገኝ ዓይነት አይደለም። ጠጠር ከጠጠር ተጣብቆ ድንጋይ በሆነ ንጣፍ ውስጥ፣ በዓይን በማይታይ ደቃቅ መልክ ተበትኖ ይገኛል። ንጣፉ እየተዘቀዘቀ ወደ መሬት ሆድ ይገባል። ከአንድ ቶን ድንጋይ የሚወጣው ወርቅ ጥቂት ግራም ስለሆነ ትርፍ የሚገኘው በሁለት ነገር ብቻ ነው፤ በከፍተኛ ካፒታልና በርካሽ ጉልበት። «ዕድሌን ልሞክር» ብሎ አካፋ ይዞ የመጣ ሰው በጥቂት ዓመታት ውስጥ ከጨዋታው ወጥቷል። ከእርሱ በኋላ የመጣው ሁሉ የኩባንያ ደመወዝተኛ ወይም ለደመወዝተኛው የሚሸጥ ነው። የአንቺ ሰው ከሁለተኛው ወገን መሆኑ ትክክል ነው።

በ1890 በሳያናይድ ወርቅን የማጣራት ዘዴ ገባ። ከዚያ የሚተርፈው ነጭና ቢጫ አሸዋ በከተማው ጠርዝ እንደ ተራራ እየተቆለለ ሄደ። በደረቁ ወራት ነፋስ ሲነሣ አሸዋው ምግብ ውስጥ፣ አልጋ ውስጥ፣ ጥርስ መካከል ይገባል። ባለታሪክሽ ነጭ የጠረጴዛ ልብስ ይዛ ከመጣች በመጀመሪያው ወር ታጣጥፈዋለች።

ሁለተኛ፣ ድምፁ። ድንጋዩን የሚወቅጡት ከባድ የብረት መዶሻዎች ሌሊትና ቀን አያርፉም፤ በመቶዎች ተደርድረው ይወርዳሉ፣ ይነሣሉ። ስለዚህ ልቦለድሽ ውስጥ «ዝምታ ቤቱን ሞላው» የሚል ዓረፍተ ነገር ካለ አውጪው። በዚያ ከተማ ዝምታ አልነበረም። ሁለት ሰዎች ሳይነጋገሩ ዓመት ቢቀመጡ እንኳ ቤቱ ጸጥ አይልም፤ ምናልባት ሰውየው ዝም እንዲል የፈቀደለትም ይኸው ነው።

ሦስተኛ፣ በየካቲት 1896 የሆነውን አትዝለይው። በብራምፎንቴን ባቡር ጣቢያ ዲናሚት የጫነ ባቡር ለቀናት ፀሐይ ላይ ቆሞ ሰንብቶ፣ ሌላ ባቡር ሲገፋው ፈነዳ። ከ70 በላይ ሰዎች ሞቱ፤ በአቅራቢያው የነበሩት የድሆች ሰፈሮች ጠፍጣፋ ሆኑ። ጉድጓዱ 60 ሜትር ያህል ርዝመት ነበረው። የአንቺ ሴትዮ ያን ቀን የት ነበረች? ባሏ ሮጦ ወደ ቤት መጣ ወይስ ወደ ሱቁ?

ጠበቃ ነኝ ባይ

የሕጉን ነገር እኔ ልውሰደው። ጆሃንስበርግ በነበረችበት በትራንስቫል ሪፐብሊክ ይሠራ የነበረው የሮማ-ደች ሕግ ነው። ያገባች ሴት በ«ባልነት ሥልጣን» ሥር ናት፤ ያለ ባሏ ፈቃድ ውል መዋዋል፣ ፍርድ ቤት መክሰስ፣ ንብረት መሸጥ አትችልም። ከጋብቻ በፊት የተለየ ውል ካልተፈረመ በስተቀር ንብረቱ የጋራ ነው፤ አስተዳዳሪው ግን እርሱ ነው። ይህ ነገር በዘመናት መካከል የተረሳ እንዳይመስላችሁ፤ በደቡብ አፍሪካ የባልነት ሥልጣን ለአዲስ ጋብቻዎች የቀረው በ1984 በወጣ ሕግ ነው።

ፍቺስ? ምክንያቱ ሁለት ነው፤ ዝሙት ወይም ሆን ብሎ ጥሎ መሄድ። «አያናግረኝም» የሚባል የፍቺ ምክንያት የለም። ትዳሩ ሊጠገን በማይችል ሁኔታ መፍረሱ ብቻውን ምክንያት ሆኖ የተቀመጠው በ1979 ነው። አሁን ጉዱን ተመልከቱ፦ እርሷ ተነሥታ ብትሄድ ጥላ የሄደችው እርሷ ናት። በሕጉ ዓይን በዳይዋ እርሷ፣ ተበዳዩ ዝም ያለው ባል ነው። ወደ ኮቭኖ ብትመለስ እንኳ የሚስት መኖሪያ በሕግ የባሏን የሚከተል ስለሆነ ፍቺ መጠየቅ የምትችለው እርሱ ባለበት አገር ፍርድ ቤት ነው።

ለአቶ ጭላሎ፦ እናትና አባትዎን እግዚአብሔር ያሳርፋቸው። ነገር ግን በአገራችን የሰማንያ ጋብቻ ሴቲቱ ሽማግሌ ጠርታ፣ ድርሻዋን ተካፍላ መውጣት ትችል ነበር። ብዙዎች ወጥተዋል። እናትዎ የኖሩት በሩ ክፍት ሆኖ ነው። ይህች ልጅ ግን በሩ የተዘጋባት ናት። ሁለቱን በአንድ ሚዛን አይመዝኗቸው።

ከሐይፋ

ሰላም። ወንድማችን የጻፈው ግማሹ ነው። የመንግሥት ፍርድ ቤት ቢፈታት እንኳ በሃይማኖቷ ገና ያገባች ናት። በራቢዎች ሥርዓት ፍቺ የሚፈጸመው ባል በፈቃዱ «ጌት» የሚባለውን የፍቺ ጽሑፍ በእጇ ሲሰጣት ነው። እምቢ ካለ፣ ከጠፋ ወይም መሞቱ በምስክር ካልተረጋገጠ ሴቲቱ ታስራ ትቀራለች፤ «ዓጉና» ትባላለች። እንደዚያ ሆና ከሌላ ወንድ ብትወልድ ልጁ በማኅበሩ ውስጥ እንደ ልቡ እንዳያገባ ይከለከላል። እዚህ እስራኤል ዛሬም ጋብቻና ፍቺ በራቢዎች ፍርድ ቤት ስለሆነ የኛ ሰዎች ይህን ከመጡ በኋላ በደንብ አውቀውታል። በጎንደር ሳለን ጉዳያችን የሚያልቀው በሽማግሌዎችና በቄሶች ፊት ነበር።

አንድ ነገር ልጨምር። በዚያ ዘመን ከሊትዌኒያ ብዙ ወንዶች ብቻቸውን ወጥተው ሚስቶቻቸውን ረስተዋል። የታሰሩት ሴቶች ብዙዎቹ ከባል ጋር አንድ ቤት የነበሩት ሳይሆኑ በአገር ቤት ደብዳቤ ሲጠብቁ የቀሩት ናቸው። ባለታሪክሽ ከእናቷ መንደር እንዲህ ያሉ ሴቶችን አይታ የመጣች መሆን አለባት። ለእርሷ የመርከብ ትኬት የሚልክ ባል ማለት ትልቅ ነገር ነው። ፎቶግራፉን ያየችበትን ዓይን በዚህ ብታስተካክይው ጥሩ ነው።

የጽጌ ልጅ

ኦህ፣ ይህ ሁሉ ወርቅ ነው። (ይቅርታ፣ ቃሉ ራሱ መጣ።)

ጉድጓድ ወራጅ፣ የመዶሻውን ነገር በደንብ እጠቀምበታለሁ። ባል ወደ ሱቁ ነው የሚሮጠው፤ ሳልጽፈው አወቅኩት።

አሁን የቀረኝ የገንዘብ ጥያቄ ነው። ሕጉ ቢዘጋባትም ሰዎች ከሕግ ውጭ ይሄዳሉ። ልብስ አጥባ፣ ሰው ቤት ሠርታ፣ የመርከብ ዋጋ ማጠራቀም አትችልም ነበር? በለንደን ወይም በኒውዮርክ ብትሆን እንዲህ ታደርግ ነበር።

እማሆይ ታሪክ

የታሪክ መምህርት ነኝ፤ ስሜን ተማሪዎቼ ናቸው ያወጡልኝ።

እዚያ ላይ ነው ጆሃንስበርግ የሚለየው። በ1890ዎቹ የከተማውን ልብስ የሚያጥቡት የዙሉ ወንዶች ነበሩ። እንደ ማኅበር ተደራጅተው፣ ጥምጥም አሥረው፣ በወንዙ ዳር ቦታ ይዘው ይሠሩ ነበር፤ ቁጥራቸው ከሺህ ያልፍ ነበር። የቤት ውስጥ ሥራውንም በአብዛኛው የያዙት ጥቁር ወንዶች ናቸው። ደሀ ሴት በሌላ ከተማ የምትይዛቸው ሁለቱ ሥራዎች በወንዶች እጅ ነበሩ ማለት ነው። የቀራት መስፋት፣ ላጤ ቆፋሪዎችን የሚያሳድር ቤት መክፈት (ለዚህ ደግሞ መነሻ ገንዘብና የባል ፊርማ ያስፈልጋል)፣ መጠጥ ቤት መቅዳት፣ ከዚያ ደግሞ ሁላችሁም የምታውቁት ነው።

በ1896 በተደረገው ቆጠራ ከተማው 102 ሺህ ያህል ሰው ነበረው፤ ወርቁ ከተገኘ በ10 ዓመት ውስጥ ማለት ነው። ወንዱ ከሴቱ በጣም ይበዛል። ለዚህ ገበያ ሴቶችን ከአውሮፓ የሚያመጡ ደላሎች ነበሩ፤ አንዱ ዘዴያቸውም የውሸት ጋብቻ ነው። ፎቶግራፍ፣ ደብዳቤ፣ የመርከብ ዋጋ፤ ልክ ባለታሪክሽን እንዳመጣት ዓይነት። እንግዲህ ካፕታውን ስትወርድ የፈራችው ምን ነበር ብለሽ አስቢ። ሥጋ ቆራጩን ሰውዬ ስታየው፣ ውሸታም ነጋዴነቱን ስታውቅ፣ የመጀመሪያው ስሜቷ ቁጣ ላይሆን ይችላል። እፎይታ ሊሆን ይችላል። ለዚህ ነው «ደካማ ናት» ካለችሽ ጓደኛሽ ጋር የማልስማማው።

አንድ ሌላ ነገር ግን ይቆረቁረኛል። ባልየው ምግብ የሚሸጥላቸው ሰዎች በልቦለድሽ ውስጥ ሳህን ተቀብለው የሚወጡ እጆች ብቻ እንዳይሆኑ። እነርሱም ባሎች ናቸው። በታጠረ ካምፕ ውስጥ ላጤ ሆነው የሚተኙ ባሎች። ብዙዎቹ ከደቡብ ሞዛምቢክ የመጡ ናቸው። እዚያ ሎቦላ፣ ማለትም ለሙሽራዪቱ ወገን የሚከፈለው፣ በፊት በከብት፣ ኋላ በዶማ ነበር። ወንዶቹ ወደ ማዕድን ማውጫዎች መሄድ ሲጀምሩ በእንግሊዝ የወርቅ ፓውንድ ሆነ። ልብ በሉ፤ ወጣቱ ከመሬት ሆድ ወርቅ ያወጣል፣ ወርቁ ለንደን ሄዶ ሳንቲም ይሆናል፣ ሳንቲሙ ተመልሶ በአንዲት ልጅ አባት እጅ ይገባል። እርሷም የምታገባው ከሠርጉ በኋላ ለዓመት ወይም ከዚያ በላይ ተመልሶ ጉድጓድ የሚወርድ ሰው ነው። ያቺ ሴት ባሏን በዕድሜዋ ስንት ወር እንዳየችው ማን ቆጠረ?

ከኛም ጋር የሚገናኝ ነገር አለ። የከብት እልቂቱን ያመጣው የደስታ በሽታ በ1887 አካባቢ በምጽዋ በኩል ለጣሊያን ጦር ከመጡ ከብቶች ጋር ገባ። በኛ አገር ያደረገውን የክፉ ቀን ታሪክ የማያውቅ የለም። በሽታው ግን እኛ ዘንድ አልቆመም። ወደ ደቡብ እየወረደ በ1896 የዛምቤዚን ወንዝ ተሻገረ፤ በደቡብ አፍሪካ ሚሊዮኖች ከብቶችን ፈጀ። ከብት የሌለው አባት ልጁን በምን ይድርለታል? ወጣቱ ወደ ማዕድኑ ሄደ። የማዕድን ባለቤቶቹ ደግሞ በ1896 እና በ1897 የጥቁር ሠራተኞችን ደመወዝ ቀነሱ። በየጁ በሬው የሞተበት ገበሬና በሊምፖፖ ወንዝ ዳር ሎቦላ ያጣ ወጣት የአንድ በሽታ ሰዎች ናቸው።

አድዋ 88

እማሆይ እግዚአብሔር ይስጥልን። ኢትዮጵያ ከተነሣች ደግሞ በ1892 በፕሪቶሪያ ማንጌና ሞኮኔ የተባለ ቄስ ከነጮቹ ቤተ ክርስቲያን ተገንጥሎ «የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን» ብሎ መመሥረቱን ሰው ይወቅ! ከአድዋ በፊት ነው! መዝሙረ ዳዊት 68 ላይ ያለውን «ኢትዮጵያ እጆቿን ወደ እግዚአብሔር ትዘረጋለች» የሚለውን ይዘው ነው የተነሡት። ከዚያም

አወያይ

አድዋ 88፣ ርእሱ ጥሩ ነው፤ ለብቻው ክር ይከፈትለት። ቀሪውን ወደዚያ አዛውሬዋለሁ። እዚህ ስለ ትዳሩ እንቀጥል።

የሆሳዕና ልጅ

ብዙ ጊዜ የማነብ እንጂ የማልጽፍ ሰው ነኝ። ይህን ሳነብ ግን ዝም ማለት አልቻልኩም።

እኔም ጆሃንስበርግ የሄድኩት በፎቶግራፍ ነው። በቴሌፎን የተላከ ፎቶግራፍ፤ ልዩነቱ ይኸው ነው። ጄፒ ጎዳና የምታውቁ ታውቃላችሁ፤ ቀድሞ የሐኪሞች ክፍል የነበሩ ሕንፃዎች ከላይ እስከ ታች የኛ ሰው ሱቅ ሆነዋል፤ ቡና ይሸታል፣ በርበሬ ይሸታል። እኔን የተቀበለኝ ግን ጄፒ አልነበረም። ባለቤቴ ሱቁ ሎኬሽን (ከከተማው ወጣ ያለ የጥቁሮች መኖሪያ ሰፈር) ነበር። በብረት ፍርግርግ ውስጥ ሆኖ ይሸጣል፣ ከመደርደሪያው ጀርባ ይተኛል። እኔም እዚያው።

ክፉ ሰው አልነበረም። ይህን የምለው ለጭላሎ አባቴ ብዬ ነው። ሰው እንዳይገድለው ሲጠብቅ ያድራል፣ ቀን ያንቀላፋል። ስለ ምን እናውራ? ስለ ሳሙና ዋጋ እናወራ ነበር።

«ለምን ጥለሽው አትሄጂም» ብላ የጠየቀችኝ አንዲት ደቡብ አፍሪካዊት ጎረቤት ነበረች። አልመለስኩላትም፤ ምክንያቱም መልሱ ቤት ውስጥ አልነበረም። መልሱ ሆሳዕና ነበር። የእናቴ ቤት ጣሪያ ቆርቆሮ የተገዛው በእርሱ ገንዘብ ነው። ታናሽ ወንድሜን ለማምጣት ለደላላ የተከፈለው የእርሱ ገንዘብ ነው። ሽማግሌ ሆነው የሄዱት የአባቴ ወንድም ናቸው። እኔ ከሱቁ ብወጣ ጣሪያው ይነቀላል ማለት አይደለም፤ ግን እናቴ በዚያ ጣሪያ ሥር እንዴት ትቀመጣለች? ከዚያም ደግሞ የማውቃቸው ሰዎች ሁሉ የእርሱ ሰዎች ነበሩ። በእድር ያሉት፣ በቤተ ክርስቲያን ያሉት፣ በስልክ ብር የሚልክልኝ እንኳ የአገሩ ልጅ ነው።

ስለዚህ የጽጌ ልጅ፣ ጥያቄውን ጆሃንስበርግ ላይ ብቻ አትፈልጊው። የመርከቡን ዋጋ ማን ከፈለ? ከእርሷ በኋላ ታናናሾቿን ማን ይድራቸዋል? አባቷ በየወሩ ገንዘብ ይደርሰዋል? ይደርሰው ከሆነ ልጅቱ ሚስት ብቻ አይደለችም።

ደግሞ በመጀመሪያ የምትጠላው ባሏን አይደለም። ፎቶግራፉን ይዞ የመጣውን ሰው ነው። አሁን እኔ የት እንዳለሁ አትጠይቁኝ፤ ደህና ነኝ።

የጽጌ ልጅ

እኅቴ፣ ምን እንደምልሽ አላውቅም። አመሰግናለሁ። ደላላው በመጽሐፉ ውስጥ በመጀመሪያው ምዕራፍ ታይቶ የሚጠፋ ሰው ነበር። ተመልሶ ይመጣል።

ጭላሎ

ልጄ የሆሳዕናዋ፣ እግዚአብሔር ይጠብቅሽ። የጻፍሽውን ደጋግሜ አነበብኩት።

ሆኖም ክርክሬን አልተውም። በዚያው ከተማ የኖረ፣ ቤተሰብ ያጋባው፣ ዓለም የሚያውቀው ትዳር አለ፤ ጋንዲና ካስቱርባ። በ13 ዓመታቸው ተጋቡ። ጋንዲ በጆሃንስበርግ ጠበቃ ሆኖ ሲሠራ በትሮይቪል ሰፈር አብረው ኖረዋል። በ1913 አንድ የኬፕ ዳኛ በክርስትና ሥርዓት ያልተፈጸመ ጋብቻ በሕግ አይጸናም ብሎ ሲፈርድ የሕንድ ሚስቶች ሁሉ በአንድ ቀን ሚስት አይደላችሁም ተባሉ። ካስቱርባ ምን አደረገች? ለዚያ ለተመረጠላት ትዳር ስትል ሕግ ጥሳ ድንበር ተሻገረች፣ 3 ወር ታሰረች። በ1944 እስር ላይ እያሉ በባሏ እቅፍ ሞተች። 60 ዓመት አልፏቸዋል። ይህን ፍቅር የለውም የሚል ካለ ይምጣ።

እማሆይ ታሪክ

እኔ መጣሁ።

አቶ ጭላሎ፣ መታሰሯ እውነት ነው፤ ፍርዱም እውነት ነው። በዚያው ዘመቻ ከትራንስቫል የሄዱ ሌሎች ሴቶች ናታል ገብተው የድንጋይ ከሰል ቆፋሪዎችን ለሥራ ማቆም አድማ አስነሥተዋል። የቀረውን ግን ይጨምሩበት። ጋንዲ ራሱ እንደጻፈው በደርባን ሳሉ፣ የእንግዳ የሽንት ዕቃ በደስታ አልደፋችም ብሎ እጇን ይዞ እየጎተተ ወደ በሩ ሊያስወጣት ደርሶ ነበር። እርሷም በባዕድ አገር ወላጅና ዘመድ የሌለኝ ወዴት እሄዳለሁ የሚል መልስ ሰጠችው። የዚህ ክር ጥያቄና መልስ እኮ ይኸው ነው! በ1906 ደግሞ ከሚስት ጋር መተኛትን ለዕድሜ ልክ ተወ። እንዳልተቃወመች ጽፏል። እርሷ ያሰበችውን ግን ራሷ ጽፋ አልተወችልንም።

ፍቅር አልነበራቸውም አልልም። 60 ዓመት መኖር ማስረጃው ነው ሲባል ግን እስረኛም 60 ዓመት ይኖራል።

ጭላሎ

ይህ የመጨረሻው ዓረፍተ ነገር ለታሪክ መምህርት አይገባም።

እማሆይ ታሪክ

ይሁን። ለታሪክ መምህርት አይገባም፤ ለሴት ግን ይገባል።

ጉድጓድ ወራጅ

ሳትጣሉ፣ አንድ ነገር ላቀብል። የጽጌ ልጅ፣ ልቦለድሽ በ1899 ያልቃል ብለሻል። ያ ዓመት እኮ በሩ የተከፈተበት ዓመት ነው። በጥቅምት 1899 የእንግሊዞችና የቦሮች (ትራንስቫልን የሚገዙት የደች ዘሮች) ጦርነት ሊጀመር ሲል ከተማው ተነቅሎ ወጣ። በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች የድንጋይ ከሰልና የከብት ማጓጓዣ በሆኑ ክፍት ፉርጎዎች ላይ ተጭነው የእንግሊዝ ግዛቶች ወደነበሩት ወደ ኬፕና ወደ ናታል ሸሹ። 7,000 የሚሆኑ የዙሉ ሠራተኞች ባቡር ስለተከለከሉ ማርዊክ ከሚባል የናታል ሹም ጋር በእግራቸው ወደ አገራቸው ተጓዙ። አብዛኛው የማዕድን ሥራ ቆመ። ለመጀመሪያ ጊዜ መዶሻዎቹ ጸጥ ሲሉ አስቢው!

ያን ሳምንት ማንም ሴት ማንንም ጥላ ብትሄድ «ስደተኛ» እንጂ «ጥላ የሄደች» አትባልም። ባልየው ዕቃው እንዳይዘረፍ ሱቁን ሊጠብቅ ይቀራል፤ እርሷን ፉርጎ ላይ ይጭናታል። ከዚያ በኋላ ተመልሶ ለመግባት እንግሊዞች የፈቃድ ወረቀት ይጠይቁ ነበር፤ አለመመለስ ቀላል ነው።

ቆፋሪ ብታደርጊው ኖሮ ደግሞ ሌላ በር ነበረ፤ እርሱ የከፋ ነው። በመሰርሰሪያ ማሽን የሚሠሩት ነጭ ቆፋሪዎች፣ ብዙዎቹ በእንግሊዝ አገር ካለችው ከኮርንዋል የመጡ፣ አቧራው ሳንባቸውን ይበላው ነበር። ከጦርነቱ በኋላ የተሰበሰበው ኮሚሽን ሲያጣራ ከጦርነቱ በፊት ይሠሩ ከነበሩት ከ6ቱ 1 ያህሉ ከ3 ዓመት ባነሰ ጊዜ ውስጥ ሞቶ ተገኘ። የጥቁሮቹን ያን ጊዜ በዚህ መጠን የቆጠረ የለም። ኮርንዋል ያሉ ሚስቶች በየፖስታው ገንዘብ ሲቀበሉ ኖረው በመጨረሻ የሚያስል ሰው ይላክላቸዋል። የማያውቁትን ባል አስታመው ይቀብራሉ።

ጠበቃ ነኝ ባይ

በጣም ጥሩ ሐሳብ ነው፤ የሕጉ ወጥመድም ይፈታል። ጥሎ መሄድ «ሆን ብሎ» መሆን አለበት፤ ከጦርነት መሸሽ ሆን ብሎ መተው አይደለም። ችግሩ ጦርነቱ ካለቀ በኋላ ነው፤ በ1902 «ነይ» ብሎ ከጻፈላትና ካልመጣች ያን ጊዜ ጥፋተኛ ትሆናለች። ደብዳቤው እንዳይደርሳት አድርጊ።

ከሐይፋ

ወይም ይድረሳትና በውስጡ ጌት ይሁን። ሰውየው በመልእክተኛ መላክ ይችላል፤ ሥርዓቱ ይፈቅዳል። ዝም ያለ ሰው አንድ ጊዜ ቢናገር እንዲህ ነው የሚናገረው።

የጽጌ ልጅ

ከሐይፋ፣ ይህን አስቤው አላውቅም ነበር፤ ሌሊቱን ሳገላብጠው አደርኩ። እንዲህ እየሆነ ነው፦ ሱቁን ሊጠብቅ ይቀራል። እርሷ ፉርጎው ላይ ናት። ከጎኗ ያለችው ሴትዮ ባልሽ የት ነው ብላ ትጠይቃታለች፤ ምን ብላ እንደምትመልስ ገና አልወሰንኩም። የሞዛምቢኩንም ሰው እያስገባሁት ነው፤ ለሎቦላ የሚያጠራቅመውን ፓውንድ አደራ የሚያስቀምጠው ከሥጋ ቆራጩ ዘንድ ነው። ባልየው የሚያወራው ከእርሱ ጋር መሆኑን ሚስቲቱ ዘግይታ ትደርስበታለች።

ጭላሎ

ይኸኛው ጥሩ ነው። አደራ ተቀባይ ሰው መሆኑን ወደድኩት። ገንዘቡን ግን እንዳታስበይው፤ በጦርነቱ ግርግር ቢሆንም።

አንድ ጥያቄ ልጨምር። እስካሁን «ሰውየው»፣ «ባልየው»፣ «ሥጋ ቆራጩ» ነው የምትይው። ስም የለውም?

የጽጌ ልጅ

አለው፣ አባቴ። እርሷ አትጠራውም እንጂ።

ጭላሎ

እናቴም አባቴን በስሙ ጠርታው አታውቅም፤ «እርስዎ» ነበር የምትለው። በይ ምዕራፉን ስትጨርሺ እዚህ ለጥፊው፤ መነጽሬን አዘጋጅቻለሁ።